ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፦ ኦቲዝምም ኤዲኤችዲም ካለበት ሰው ጋር አብሮ የመኖር መላ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና አለ። በአንዱ እኔ፣ በሌላው የእህቴ ልጅ እንሠራለን። አቡሽ እያልኩ ልጥራው፤ በእውነተኛ ስሙ እንድጽፍ አልፈቀደልኝም። ዕድሜው ሃያ ሊደፍን ነው። ኦቲዝም አለበት። ኤዲኤችዲም አለበት።

ሱሪ ለማሳጠር የመጣ ሰው አንዳንዴ ልኬቱን ከሰጠ በኋላ አይሄድም። ቆም ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኔም ልጅ እንደሱ ሳይሆን አይቀርም፤ እናንተ ምን አደረጋችሁ?» ይለኛል። በቆሙበት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ ጻፍኩት። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪም ካስረዳን፣ ካነበብኩትና ከልጁ ከራሱ ያገኘሁትን ነው የማካፍላችሁ።

መጀመሪያ ምንነታቸውን በአጭሩ። ኦቲዝም ከሕፃንነት ጀምሮ የሚኖር የአእምሮ አሠራር ልዩነት ነው። ከሰው ጋር በመግባባት ላይ ይታያል። የለመዱትን አጥብቆ መያዝ፣ በአንድ ጉዳይ መመሰጥ፣ አንድን ነገር መደጋገም አለው። ድምፁ፣ ብርሃኑ፣ ሽታው፣ የጨርቁ ሻካራነት ከሌላው ሰው አብልጦ ይሰማዋል፤ ወይም ጭራሽ አይሰማውም። ኤዲኤችዲ ደግሞ ትኩረት፣ መቅበጥበጥና ችኩልነት ላይ ነው። ትኩረት የለውም ማለት ግን አይደለም። ትኩረቱ ባለቤቱን አይታዘዝም ብንል ይሻላል። የማይወደው ሥራ ላይ አምስት ደቂቃ አይቆይም፤ የወደደው ላይ ምሳ መብላቱንም ይረሳል።

ሁለቱም በዘር የመውረድ ነገር አላቸው። ልጅ ሲመረመር ከዘመድ አንዱ «እኔም እኮ ልጅ ሆኜ እንዲህ ነበርኩ» ማለቱ የተለመደ ነው። እኛ ቤት እንዲህ ያሉት አያቱ ናቸው።

አንድ ሰው ላይ አብረው መገኘታቸውም ብርቅ አይደለም። ነገር ግን የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የሚያወጣው የምርመራ መመሪያ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ ኦቲዝም ላለበት ሰው ኤዲኤችዲንም ደርቦ መስጠትን አይፈቅድም ነበር። የተፈቀደው አምስተኛው እትም ሲወጣ ነው። ዛሬ ጎልማሳ የሆኑ ብዙዎች ግማሽ መልስ ይዘው ያደጉት ለዚህ ነው። አንዱ ይነገራቸዋል፣ ሌላው «አመል ነው» ተብሎ ይቀራል።

ሁለቱ ሲጓተቱ

የምነግራችሁ ሁሉ መነሻው ይህ ነው። ኦቲዝሙ ነገር ሁሉ እንደነበረ እንዲሆንለት ይፈልጋል። ኤዲኤችዲው አዲስ ነገር ይፈልጋል። የሚኖሩት ደግሞ አንድ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

አቡሽ ክር የሚደረድረው በቀለም ነው፤ ከነጭ ጀምሮ በክሬምና በቢጫ አድርጎ እስከ ጥቁር። ሰው አንዷን ክር አንስቶ ሌላ ቦታ ካስቀመጠ ሥራ የለም። የራሱ መቀስ የት እንዳለ ግን አያውቅም። በስተመጨረሻ ከጠረጴዛው ጋር በገመድ አሰርንለት። ቁርሱ ሁሌ ፍርፍር ነው፤ ሳህኑም አይቀየርም። የተማሪ ዩኒፎርም ስንሰፋ ግን አራተኛው ላይ ይሰለቸዋል፤ አምስተኛው ላይ እጅጌው ተገልብጦ ይሰፋል። አዲስ ጨርቅ ለማየት ሰኞ ገበያ እንሂድ ብሎ ይነዘንዘኛል። ገና እንደደረስን ጫጫታው ያዞረዋል፣ ፊቱ ይለዋወጣል፣ «እንመለስ» ይላል።

ይህን ያየ ሰው «ሲፈልግማ ይችላል» ይላል። ይህች አባባል ስንቱን ልጅ አስገርፋለች። ልጁ አልዋሸም። መሄድ ፈልጎ ነበር። አሁን ደግሞ መመለስ ይፈልጋል። ሁለቱም እውነቱን ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ በሆዴ የምጠይቀው «ይሄ የየትኛው ነው?» ብዬ ነው። ሥራውን የተወው ሰልችቶት ነው ወይስ የሆነ ነገር ረብሾት? ከሰለቸው አዲስ ነገር እሰጠዋለሁ። ከተረበሸ ግን አዲስ ነገር ያባብስበታል፤ የሚያስፈልገው መቀነስ ነው። ሲሰለቸው እግሩ አያርፍም፣ ወሬ ይጀምራል፣ መንገደኛ ያያል። ሲረበሽ ወሬው ያጥራል፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ የሸሚዙን ኮሌታ ይጎትታል። የእናንተ ሰው ምልክት ሌላ ይሆናል። ለጥቂት ጊዜ ደብተር ላይ ብትይዙት ይገለጥላችኋል።

ቀኑን ማደራጀት

ለኦቲዝም ብቻ የሚሰጥ ምክር ቀኑን አንድ ዓይነት አድርጉት ይላል። ለኤዲኤችዲ ብቻ የሚሰጠው ለዋውጡት ይላል። አንዱን ብቻ ስትከተሉ ሌላው ያምፃል። እኛ ጋ የሠራው ዳር ዳሩን አጥብቆ መሃሉን ማላላት ነው። እንደ ቀሚስ ነው፤ ወገቡ ላይ ይያዝና ከታች ይሰፋል።

ሱቅ ሲከፈት የሚሆነው ነገር ሁልጊዜ ያው ነው። መዝጊያው ይነሳል፣ ወለሉ ይጠረጋል፣ መኪናው ዘይት ይቀባል፣ ሻይ ይመጣል። ሻይ ሳይመጣ መርፌ አይነካም። ሲዘጋም እንዲሁ የማይለወጥ ቅደም ተከተል አለው። መሃሉ ግን የሱ ነው። ግድግዳው ላይ ሦስት ምስማር አለ፤ ሦስት ሥራ ይሰቀላል። አንዱ ዚፕ መቀየር፣ አንዱ ሱሪ ማሳጠር፣ አንዱ ደግሞ አእምሮውን የሚያሠራው አዲስ ነገር። ከየትኛው እንደሚጀምር እሱ ይመርጣል። ሲሰለቸው ወደ ሌላው ይዞራል። አራተኛ ምስማር የለም፤ ምርጫ ሲበዛበት ፈዞ ይቀራል።

ቤት ያለ ልጅም ቢሆን ያው ነው። መነሳት፣ መታጠብ፣ ቁርስ፤ ተራቸው አይነካ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ግን ሒሳቡን ወለል ላይ ተኝቶ ይሥራው ወይ ቆሞ፣ ከአማርኛው ያስቀድመው ወይ ያስከትለው፣ ለሱ ተዉለት።

ዕቅድ ሲፈርስ የሚሆነውም አስቀድሞ ይጻፍ። እዚህ መብራት ሳይናገር ይሄዳል። ከመስኮቱ ጎን የተለጠፈች ወረቀት አለች፦ «መብራት ከሌለ ቁልፍ መትከል፣ በእጅ መዘምዘም፣ ጨርቅ መቁረጥ።» አቡሽ መብራት ሲጠፋ ወደኔ አይመለከትም፤ ወረቀቷን ነው የሚያየው።

ጊዜ ሌላ ራስ ምታት ነው። ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው ሰዓቱ ሲነጉድ አይታወቀውም። «ሃያ ደቂቃ ቀርቶሃል» ለአቡሽ ከንቱ ነው። የሚታይ ወይም የሚሰማ ምልክት ይፈልጋል። ደሴ በዚህ የታደለች ናት፤ አዛኑ አለ። «ዙሁር ሳይል ሁለቱ ሱሪ ያልቃል፤ ከአሱር በኋላ አዲስ ሥራ አይነሳም» ስለው ይገባዋል። የቤተ ክርስቲያን ጎረቤት ከሆናችሁ ደወሉን ተጠቀሙ። የስልክ ማንቂያ ካደረጋችሁ የሚንቀጠቀጠው ይሁን፤ የሚጮኸው ያስደነብራል። ከያዘው ነገር ስታስነሱት ደግሞ በደቂቃ ሳይሆን በሥራው ለኩት። «ኮሌታውን ስትጨርስ ምሳ» ይሻላል። በመሃል መቋረጥ በጣም ይከብደዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። አጠገቡ ሰው ሲኖር ይሠራል፣ ብቻውን ሲሆን ይበተናል። ጥናት ላይ ያለ ልጅ ካላችሁ የራሳችሁን ሥራ ይዛችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ጎመን ቀንጥሱ፣ ሽንኩርት ላጡ። ደብተሩን አትዩበት።

አነጋገር

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር። «ሱቁን ጥረግና ቀሚሱን ለእትዬ አድርስ፣ ስትመለስ ዳቦ ያዝ» ካልኩት ዳቦው ብቻ ይመጣል። አሁን በቁራጭ ካርቶን እጽፍለታለሁ። የጨረሰውን ይሰርዛል፤ መሰረዙን ይወደዋል።

የሚደረገውን ነገር ራሱን ተናገሩ። «ሥርዓት ያዝ» ምን እንደሆነ አይገባውም። «ድምፅህን ዝቅ አድርግ» ይገባዋል። «ቶሎ በል» ያስጨንቀዋል። «ጫማህን አድርግ» ያንቀሳቅሰዋል። ትንሽ ልጅ ሳለ እናቱ በር ላይ «መጣሁ» ብላ ስትወጣ ይጨቃጨቃት ነበር፤ እየሄደች መጣሁ ትላለቻ! «ዳቦ ገዝቼ እመለሳለሁ» ስትለው ዝም አለ።

ጠይቃችሁ ዝም በሉ። እኛ መልስ ሲዘገይ ጥያቄውን እንደግማለን፣ ከዚያ በሌላ ቃል እንደግማለን። እሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራል። በሆዳችሁ እስከ አስር ቁጠሩ።

ዓይን ለዓይን መተያየትን አታስገድዱ። አቡሽ መሬት መሬት እያየ ነው አጥርቶ የሚሰማው። እኛ አገር አንገቱን ደፍቶ ታላቁን የሚሰማ ልጅ ጨዋ ይባላል። ይህ ይጠቅመዋል፤ ማንም አይቆጣውም። በሌላ በኩል ግን ምልክቱን ይሸፍናል፤ ብዙ ልጅ «ዓይን አፋር ነው» ተብሎ ዓመታት ያልፉታል።

ሰላምታው ደግሞ ፈተና ነው። ወሎ ላይ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ጉንጭ መሳሳም አለ፣ እጅ መሳም አለ፣ «ደህና ነህ፣ ደህና ነህ» መደጋገም አለ። መነካት ለማይችል ሰው በጠዋቱ ጉልበት ይጨርሳል። እኛ የተስማማነው ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ እንዲል ነው። ሼሁም ቄሱም በአክብሮት ነው የሚቀበሉት። ማብራሪያ አያስፈልገውም፣ ይቅርታ አያስፈልገውም።

ልብስና ድምፅ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሙያዬ ነው።

«ልብስ አልለብስም ብሎ ያስቸግራል» የሚባል ልጅ ብዙ ጊዜ ልብሱ እየወጋው ነው። መጀመሪያ ከአንገቱ ኋላ ያለችውን የፋብሪካ ምልክት አንሱ። በመቀስ ግን አትቁረጧት፤ የቀረችው ጠርዝ የባሰ ትወጋለች። ስፌቷን በመፍቻ ወይም በቀጭን ምላጭ ፍቱና ከነሥሯ አውጧት። ካልሲ ገልብጦ ማልበስ ይቻላል፤ የጣቱ ስፌት ወደ ውጭ ይሆናል። የውስጥ ልብስም እንዲሁ። አዲስ ልብስ ከመልበሱ በፊት ደጋግማችሁ እጠቡት፤ ያንን የሱቅ ድርቀቱን ይለቃል። ወገቡ ላይ ያለው ላስቲክ ከያዘው ወደኛ ወደ ልብስ ሰፊዎች አምጡት፤ አውጥተን በገመድ እንቀይረዋለን፣ ሥራው ቀላል ነው። ደሴ ብርድ ናት፣ ሹራብ ግድ ነው፤ ሱፉ ከከነከነው ከሥር ለስላሳ ጥጥ ይልበስ። የወደደውን ልብስ ስታገኙ ደግሞ ከነቀጣዩ ቁጥር ግዙ። ሲያድግ ያንኑ ፍለጋ ከተማ አትዞሩም።

የተማሪ ዩኒፎርም ብዙው ፖሊስተር ነው። ርእሰ መምህሩን አነጋግራችሁ ቀለሙ ያው የሆነ የጥጥ ጨርቅ አሰፉ። አነጋግራችሁ ስል፣ ሳትጠይቁ አሰፍታችሁ ልጁን ከሰልፍ እንዳታስወጡት ነው።

እጁ ማረፍ ላቃተው ሰው ኪሱ ውስጥ አንድ ትልቅ የኮት ቁልፍ በደንብ አጥብቃችሁ ስፉለት። አቡሽ ከደንበኛ ጋር ሲነጋገር ያንን ሲያሽከረክር ማንም አያይም። ማኘክ የሚወድ ትንሽ ልጅ ከሆነ ግን ቁልፉን ተዉት፤ ሪባን ይሻላል።

አንዳንዱ በተቃራኒው ክብደት ያረጋጋዋል። አራት እጥፍ ጋቢ ለዚህ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ራሱ ይከናነበው እንጂ አታልብሱት፤ ሕፃን ላይ ደግሞ ከባድ ነገር አይጫንም።

ድምፁን በተመለከተ፣ ግንበኞችና ብረት ሠራተኞች ጆሯቸው ላይ የሚያደርጉት መከላከያ አለ። የሕንፃ መሣሪያ ከሚሸጡበት ይገኛል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አቡሽ ያለሱ አይሆንለትም። ቤታችሁ ኮርኒስ ከሌለው አቡጀዴ ብትወጥሩበት ድምፁን ትንሽ ይሰብረዋል። ቡና ሲፈላ ዕጣኑ ከከበደው ጭሱን ወደ በሩ አድርጉ፣ ወይም ቡናው እስኪቀዳ ውጭ ይቀመጥ። ቡና ጠላ አትበሉት፤ የጠላው ጭሱን ነው።

የሰውነት ስሜቱም ያታልለዋል። እናቱ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው፤ አንዳንድ እሑድ እንወርዳለን። ደሴ ላይ ጃኬት ለብሶ ይሳፈራል። ሐረጎ የሚባለውን ቁልቁለት ወርደን የኮምቦልቻ ሙቀት ሲቀበለን ላቡ ይወርዳል። «ሞቀህ?» ብለው «አልሞቀኝም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ አይታወቀውም። ከዚያ በምክንያት የለሽ ነገር ይነጫነጫል። አሁን ጥያቄ የለም፤ ደንብ ነው ያለው፦ ሐረጎ ሲያልቅ ጃኬት ይወልቃል። ረሃቡም፣ ውሃ ጥሙም፣ ሽንቱም እንዲሁ ነው። ስሜቱን አትጠይቁት፣ ሰዓቱን ጠብቃችሁ አቅርቡለት። ሚኒባስ ላይ ደግሞ መስኮት አጠገብ ይቀመጥ፤ ረዳቱ «ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ» እያለ ከሚጮኽበት በር ራቅ በሉ።

ሲፈነዳ

አንድ ቅዳሜ የሙሽራ ሚዜዎች ልብስ ሊለኩ ተሰብስበው ገቡ። ሁሉም በአንድ ላይ ያወራሉ። ሽቶ አለ፣ ስልክ ላይ ዘፈን አለ። አንዷ ከመደርደሪያው ወርቃማ ክር አነሳች፣ ልታየው። በዚያው መብራት ጠፋ። አቡሽ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ በሁለት እጁ ጆሮውን ይዞ መጮኽ ጀመረ። ከዚያ ራሱን በቡጢ።

ያደረግኩት ይህን ነው። «እናንተ ልጆች፣ እባካችሁ ውጭ ጠብቁኝ» አልኩ። ምክንያቱን አላስረዳሁም። መዝጊያውን ግማሽ አወረድኩ። ከጎኑ፣ ፊት ለፊቱ ሳይሆን፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በቡጢውና በራሱ መሃል የታጠፈ ጨርቅ አስገባሁ። ጋቢውን እጁ በሚደርስበት አስቀመጥኩ። አልነካሁትም፣ አላወራሁም። ውጭ ያለችው አንዷ «ጠበል እንርጨው» ትላለች፣ ሌላዋ «ቁርኣን ይቀራበት» ትላለች፤ ሁለቱም ከልባቸው ነው። «በኋላ» አልኳቸው። ጩኸቱ ቀነሰ። ጋቢውን ጎተተ። ውሃ አስጠጋሁለት፣ ቆይቼ ዳቦ። ስለተፈጠረው ነገር ያወራነው በማግስቱ ነው፣ ከሻይ በኋላ። ያን ቀን ቢሆን የሚገባው አንድም ቃል አልነበረም።

ይህ ቅብጠት አይደለም። የቀበጠ ልጅ የሚፈልገው ነገር አለ፤ እያያችሁት እንደሆነ በዓይኑ ሰረቅ አድርጎ ያረጋግጣል፤ ሲሰጡት ይበቃዋል። ይህኛው የፈለገውን ብትሰጡትም አይቆምም። መጠን ያለፈ ሸክም ነው። መቅጣት፣ መጮኽ፣ ማባበልም ሸክም ይጨምራል። አንዳንዱ ደግሞ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ይዘጋል፣ ቃል አይወጣውም። ያም ያው ነው፤ ጸጥታና ጊዜ ስጡት።

ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚጥል በሽታ ከሌላው ሕዝብ በብዛት ይታያል። ሰውየው ራሱን ስቶ ከተንዘፈዘፈ ጉዳዩ ሌላ ነው። ክብሪት አታሽትቱት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ እጅ እግሩን አትያዙት። ዙሪያውን አጽዱ፣ ሲረጋጋ በጎኑ አስተኙት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ከተደጋገመ ወደ ሆስፒታል።

ሰው ምን ይላል

ይላል። «ሰው በልቶት ነው»፣ «ጂን ነው»፣ «እናቱ ሥራ ሥራ ስትል ነው»። የኋለኛዋን እንኳን ፈረንጆቹም ድሮ ይሉ ነበር፤ እናት ስለቀዘቀዘችበት ነው የሚል ነገር ነበራቸው። ውድቅ ሆኗል። ክትባት አመጣው የሚለውም እንዲሁ። ያንን ወሬ ያስነሳው በ1998 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ነበር፤ መጽሔቱ ራሱ በ2010 ሰርዞታል። ልጆቻችሁን አስከትቡ። ኩፍኝ ይገድላል።

ዱአ የሚያደርግ ያድርግ፣ ጠበል የሚሄድ ይሂድ። እኛ ቤት ሁለቱም አለ፤ ወሎ አይደለን? የማልስማማው ማሰር፣ መግረፍ፣ ጭስ ማፈንና ሐኪም ያዘዘውን ማስጣል ሲመጣ ነው። እዚያ ላይ ይሉኝታ የለኝም። ለሌላው ሁሉ አጭር መልስ አዘጋጁ። «አእምሮው እንዲህ ነው የሚሠራው፣ እየተከታተልነው ነው፣ አብሽሩ» በቂ ነው። ሠርግ ቤት ደግሞ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ መውጣት ይቻላል። ምግቡን ይብላ፣ ሙሽሮቹን ይይ፣ ይሂድ።

ስለ ሴት ልጆች ዝም ማለት አልችልም። ወንዱ ስለሚረብሽ ይታያል። ሴቷ ሌሎቹን እያየች ትኮርጃለች፣ ትስቃለች፣ ታስተናግዳለች። ማታ ክፍሏ ገብታ ታለቅሳለች፣ ወይም በሁለት ቀን እንቅልፍ አትነሳም። «ጨዋ ናት፣ ዝንጉ ናት እንጂ» ይባላል። ወጥ ሲያርባት ትሰደባለች። ስታድግ ሐኪሙ የሚያየው ጭንቀቱንና ድባቴውን ብቻ ነው። ቤታችሁ እንዲህ ያለች ካለች የምታርፍበት ቦታና «ዛሬ እንግዳ አላስተናግድም» የማለት መብት ስጧት።

ትምህርት ቤት ላይ የምለው ትንሽ ነው፤ መምህራኑ ላይ ያለው የተማሪ ብዛት ይታወቃል። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ። ከመስኮትና ከበር ራቅ ብሎ ፊት ይቀመጥ፣ የቤት ሥራው በቃል ሳይሆን ተጽፎ ይሰጠው፣ እረፍቱ በቅጣት አይወሰድበት። ሰሌዳ ማጥፋትና ጠመኔ ማምጣት የሱ ሥራ ቢሆን ደግሞ መነሳቱ ጥፋት መሆኑ ይቀራል።

ለድንገት የምትሆን ትንሽ ቦርሳ በር አጠገብ ይኑራችሁ። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴን ሲያፈናቅላት የተማርነው ነው። የጆሮ መከላከያ፣ የለመደው አንድ ልብስ፣ የሚበላው ብስኩት፣ ስሙና የቤተሰብ ስልክ ያለበት ወረቀት። ወረቀቷ ላይ «ሲደነግጥ ላይናገር ይችላል፤ እባክዎ አይንኩት፣ ይደውሉልን» የሚል አለባት።

መድኃኒትና ሐኪም

ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። አለኝ የሚል ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። ለኤዲኤችዲ ግን የሚረዳ አለ፤ ሜቲልፌኒዴት አንዱ ነው። የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ሊቀንስ ይችላል። ሁለቱም ያለበት ሰው ላይ የጎንዮሽ ጉዳቱ ሊበረታ ስለሚችል ሐኪሙ በትንሽ ጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። ትርምሱ ሲረጋጋ ኦቲዝሙ ጎልቶ የሚታያቸው ሰዎች አሉ፤ አዲስ በሽታ አይደለም፣ አትደንግጡ። ከዘመድ ልጅ የተረፈ ክኒን አይሰጥም፣ በራስ ፈቃድም አይቋረጥም። ሐኪሙ ሲያዝ መድኃኒቱ የት እንደሚገኝ እዚያው ጠይቁ።

ምርመራው የደም ወይም የራጅ አይደለም። ታሪክ በመጠየቅና ልጁን በማየት ነው። ትንሽ ልጅ ስሙን ሲጠሩት ካልዞረ ወይም ንግግሩ ከዘገየ አስቀድሞ ጆሮው ይታይ። እዚህ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ከዚያ ይጀመራል። ወደ አዲስ አበባ ከተላካችሁ የካቲት 12 እና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የልጆች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ጆይ ኦቲዝም ማዕከልና ነህምያ ኦቲዝም ማዕከልም እዚያው ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች ሥልጠናም ለኢትዮጵያ ተስማምቶ ተሞክሯል፤ ስትሄዱ ስለሱ ጠይቁ።

ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። መቼ ዳኸ፣ መቼ ተናገረ፣ የለመደውን ቃል ያጣበት ጊዜ አለ ወይ፤ ይህን ከአያት ከጎረቤት ጠያይቃችሁ ጻፉ። የትምህርት ቤት ውጤቱን ከነመምህሩ አስተያየት ያዙ። ቤት ውስጥ የሚሆነውን በስልክ በአጭር በአጭሩ ቅረጹ፤ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሌላ ሰው ይሆናልና። አንዱን ብቻ ነግረዋችሁ ከሸኟችሁ «ሌላውስ አብሮ ሊኖር ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም። ትልቅ ሰው ከሆነ ደግሞ ራሱ ይናገር፤ እናንተ የረሳውን ሙሉለት።

ወረፋው ረጅም ነው። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አንዱ ካርድ አውጥቶ ተራ ይያዝ፣ ሌላው ከልጁ ጋር ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ይጠብቅ። ተራው ሲቃረብ ተራ የያዘው ይደውላል።